አጋዘኑ ተመትቶ ለምን ሮጠ?

ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ አሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ አንድ አጭር ቪዲዮ ላከ። ባሕር ዳር፣ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ባለው የአጎቴ ቤት ቡና ላይ ተሰብስበን ነበርና ቤተሰቡ ሁሉ በአንዲት ስልክ ላይ አጎነበሰ። ቅጠሉ የረገፈ ጫካ ይታያል። አንድ አጋዘን ከዛፎቹ መሃል ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ጎኑን ይሰጣል። ተኩስ ይሰማል። አጋዘኑ የኋላ እግሮቹን ወደ ላይ ፈነጠረና ሽምጥ ጋልቦ ከዓይን ተሰወረ።

«ሳተው!» አሉ አጎቴ፣ ሲኒያቸውን ቁጭ አድርገው።

ልጁ ግን ከቪዲዮው ሥር «ሁለቱንም ሳንባ በስቶ ወጥቷል፤ መቶ ሜትር ያህል ሄዶ ወድቆ አገኘሁት» ብሎ ጽፏል። አጎቴ አላመኑም። በወጣትነታቸው ነፍጥ የያዙ፣ የተኩስ ድምፅ ብቻ ሰምተው የጠመንጃውን ዓይነት የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ በእርሳቸው ሕግ የተመታ ነገር እዚያው መውደቅ አለበት። እናቴ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሳች፦ «ታዲያ ሳይታረድ እንዴት ይበላል?» ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ስለማስተምር ሁለቱም ጥያቄዎች ወደ እኔ ዞሩ። ያን ቀን በቁርጥራጭ የመለስኩትን ነው እዚህ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው።

አስቀድሞ ስለ እንስሳው። እኛ አጋዘን የምንለው ቀንደ ጠምዛዛው የአገራችን እንስሳ በዘሩ ከአሜሪካው ይለያል። የእኛው እንደ በሬና እንደ ፍየል ያንኑ ቀንድ ይዞ ዕድሜውን ይጨርሳል፤ የአሜሪካው ባለ ነጭ ጅራት ግን ወንዱ ባለ ቅርንጫፍ ቀንዱን በየዓመቱ ያበቅላል፣ በየዓመቱም ይጥላል። እንዲህ ያለ እንስሳ በዱራችን የለም፤ ሌላ የለመድነው ስም ስለሌለ አጋዘን እያልን እንቀጥል። አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ይመዝናል።

የአጎቴ እምነት የብዙ ሰው እምነት ነው፤ ፊልሞችም አጽንተውታል። ጥይት ሲመታ ይገፈትራል፣ ወደ ኋላ ይወረውራል ብለን እናስባለን። ሒሳቡ ግን እሺ አይልም። ጥይት ስንል ቀለሃው፣ ባሩዱና አረሩ በአንድ ላይ ነው፤ የሚበረው አረሩ ብቻ ነው። የተለመደ የአደን ጠመንጃ አረር 10 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 850 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ አረር አንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቢቀር፣ ኩንታሉ በሰከንድ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ ፍጥነት ነቅነቅ ብሎ ይቆማል። ከሒሳቡ ውጪም ማየት ይቻላል፦ አረሩ ወደ ፊት የሚገፋውን ያህል ሰደፉ የተኳሹን ትከሻ ወደ ኋላ ይገፋል። የአጎቴ ልጅ የተኮሰው ዛፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አጋዘኑን የሚወረውር ጉልበት ቢኖረው እርሱንም ከዛፉ ባወረደው ነበር።

ታዲያ የሚገድለው ምንድን ነው? የደም መፍሰስ ነው። አረር ጭንቅላት ወይም አከርካሪ ካላገኘ በቀር እንስሳውን የሚጥለው ደሙን ከሥሩ አስወጥቶ ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ድንገት ሲቋረጥ አንጎል በተረፈው ኦክስጅን ለ10 ሰከንድ ያህል ይሠራል፤ ከዚያ ይጠፋል። የደነገጠ አጋዘን በሰዓት እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። አባዙት። ልቡ የተበሳ አጋዘን መቶ ሜትር ቢሮጥ ምንም ተአምር የለበትም።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ከፈለጉ ቀስት አለ። አሜሪካ ውስጥ አጋዘንን በቀስት የሚያድን ሰው ብዙ ነው። አንድ ፍላጻ ይዞት የሚሄደው ጉልበት 100 ጁል ቢሆን ነው፤ የጠቀስኩት አረር ግን ከአፈሙዙ ሲወጣ ከ3,500 ጁል በላይ ይይዛል፤ አንድ ኩንታል ወደ ሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ ለማንሳት የሚበቃ ጉልበት ነው። ሆኖም ጫፉ እንደ ምላጭ የተሳለ ፍላጻ ሁለቱን ሳንባዎች ቆርጦ ካለፈ፣ አጋዘኑ በጥይት ከተመታው እጅግ ርቆ አይሄድም። ጉልበቱ 35 እጥፍ ያንሳል፤ መጨረሻው ይቀራረባል። በጣና ዳርቻ ያደገ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም፤ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ጉማሬን የሚያህል እንስሳ በጦር ሲያድኑ ኖረዋልና። ቁም ነገሩ የሚቆረጠው ነገር ላይ ነው። ለእናቴም የመለስኩላት ይህንኑ ነበር፦ ጥይት የሚሠራው ሥራ ከመዶሻ ይልቅ ለቢላዋ ይቀርባል።

በቃል ያላስረዳሁትን በግ አስረዳልኝ። ከቀናት በኋላ ለነቢያት ጾም ቅበላ የታረደው በግ ጓሮ ካለው የማንጎ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ቆዳው ተገፎ፣ ሆዱ ገና ሳይከፈት አጎቴን ጠራኋቸው። «ልቡ የት ጋ ይመስልዎታል?» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና ጣታቸውን ከጎድኑ መካከል ዝቅ ብሎ ወደ ሽንጡ ካዘነበለ ቦታ ላይ አሳረፉ። አራጁ ሲከፍተው ጣታቸው ያረፈበት ጨጓራ ሆኖ ተገኘ። ልቡ ያለው እርሳቸው ካሰቡት በጣም ወደ ፊት ነው፤ ከፍሪምባው ጋር ተጠግቶ፣ በሁለቱ ወርቾች መካከል ተሸጉጧል። ሳንባዎቹ ከልቡ በላይና ከኋላው ተዘርግተው ደረቱን ሞልተውታል። ከእነርሱ ኋላ አንድ ስስ ግድግዳ አለ፤ ከግድግዳው ወዲያ ጉበቱ፣ ከጉበቱ ወዲያ ፈርስ የሞላው ጨጓራ። አጎቴ ሳንባውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ገባ ብሎ እንደ ስፖንጅ ተመለሰ። ከዚያ ጉበቱን ተጫኑ፤ ተሰነጠቀ። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የአጋዘን ደረትም በአቀማመጡ ከበግ አይለይም። ከጎን ሲታይ ልብና ሳንባው ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ስንዝር በሉት። አጋዘኑ ቆሞ ጎኑን ሲሰጥ አዳኙ በፊት እግሩ የኋላ ጠርዝ ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣና የደረቱ ቁመት ሲሶ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የዚህ ቦታ ደግነቱ ስሕተት መቻሉ ነው። ከፍ ቢል ሳንባ ነው፤ ዝቅ ቢል ልብ ነው፤ ትንሽ ወደ ፊት ቢሄድ የወርቹን አጥንት ሰብሮ ወደ ደረት ይገባል። ምሕረት የሌለው ወደ ኋላ ሲሄድ ነው፦ አንድ ጋት ቢያልፍ ጉበት፣ ከዚያም ቢያልፍ ጨጓራ።

«ለምን ግንባሩን አይለውም?» አሉኝ አጎቴ። የሚጠበቅ ጥያቄ ነው። በፉከራችን ግንባር መምታት የአልሞ ተኳሽ ማዕረግ ነው፤ ደረት የመታ ሰው በስሙ የሚፎከርለት አይመስለኝም። ነገር ግን የአጋዘን አንጎል ከአንድ ብርቱካን ብዙም አይበልጥም፤ ጭንቅላቱም ከአካሉ ሁሉ ይበልጥ የሚንቀሳቀስ ክፍል ነው። ጆሮውን ለማዞር፣ ሣር ለመንጨት፣ ሽታ ለመያዝ በየቅጽበቱ ይነቀነቃል። አምስት ሴንቲ ሜትር የሳተ አረር መንጋጋውን ይሰብረዋል። እንስሳው ያመልጣል፤ መብላት ስለማይችልም በረኃብ ቀናት ቆጥሮ ይሞታል። ጥሩ አዳኞች ጭንቅላትን የሚተዉት ተኩሳቸው ስላነሰ አይደለም፤ የሚሳሳቱበት ቀን እንዳለ ስለሚያውቁ ነው።

አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ኢላማው ቆዳው ላይ ያለ ነጥብ ይመስለናል፤ እውነተኛው ኢላማ ግን ደረቱ ውስጥ ነው። አጋዘኑ ጀርባውን በከፊል ሰጥቶ ዘወር ብሎ ከቆመ፣ ከወርቹ ኋላ መምታት አንዱን ሳንባ ብቻ ያገኛል። ስለዚህ አዳኙ በማዶ በኩል ያለውን የፊት እግር በዓይነ ሕሊናው ያይና አረሩ በእርሱ በኩል እንዲወጣ አድርጎ ያልማል፤ መግቢያው ወደ ጎድኑ ኋላ ይሳባል። ከዛፍ ላይ ቁልቁል ሲተኮስም እንደዚሁ፦ መግቢያው ከፍ ይላል። ፊቱን በቀጥታ ወደ አዳኙ ካዞረ ወይም ጀርባውን ሙሉ በሙሉ ከሰጠ መታገስ ነው የሚሻለው።

እስካሁን ስለ ቦታ ነው ያወራሁት። አረሩ ራሱ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ደግሞ ለእኔ የበለጠ የሚማርከኝ ክፍል ነው፤ ታሪኩም ከደጃችን ይጀምራል።

የአያቶቻችን ውጅግራ፣ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስሙ የመጣ፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥራ ነው። አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ሲሆን በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ አጥንት ሲያገኝ ይጨፈለቃል፣ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ለበን አወጡ፤ ፍጥነቱ ጨመረ። በዚህ ፍጥነት ራቁቱን እርሳስ መተኮስ አይቻልም፤ የአፈሙዙ ጠመዝማዛ ቦይ እየላጠ ያስቀረዋል። ስለዚህ አረሩ ጠንካራ የብረት ልባስ ለበሰ። ልባሱ ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ፦ አረሩ ሳይሰፋ፣ እንደ ወስፌ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ የሚያልፍ ሆነ። ሕንድ ውስጥ የነበሩ እንግሊዞች «መታነው፣ አይወድቅም» ብለው አማረሩና ካልካታ አጠገብ ባለው የደምደም ጦር መሣሪያ ፋብሪካ የልባሱ ጫፍ የተገለጠ አረር ሠሩ። ጫፉ ላይ እርሳሱ ስለሚታይ ሥጋ ሲያገኝ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ ከተሰበሰቡት መንግሥታት አብዛኞቹ ይህ ዓይነቱ አረር በጦርነት እንዳይሠራበት ተስማሙ።

ጉዳዩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ጦር ሜዳ ላይ የተከለከለው የሚከፈት አረር በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለአጋዘን አደን ግዴታ ነው፤ ለጦር የተፈቀደው ሙሉ ልባስ ያለው አረር ደግሞ ለአደን ክልክል ነው። ምክንያቱ በሁለቱም በኩል ርኅራኄ ነው። ወታደርን ከውጊያ ማውጣት ከበቃ ቁስሉን ማባስ አያስፈልግም፤ እንስሳው ግን ሐኪም የለውም፤ ለእርሱ ርኅራኄ ማለት ቶሎ ማለቅ ነው።

አጎቴ በሚያውቁት ክላሽ ላስረዳ። የተለመደው የክላሽ አረር 7.9 ግራም ነው፤ በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ሙሉ ልባስ አለው። ሥጋን በሚመስል ጄላቲን ውስጥ ሲተኮስ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ከሄደ በኋላ ነው የሚገለባበጠው። የአጋዘን ደረት ከዚያ ብዙም አይሰፋም። እንግዲህ መገለባበጥ ሲጀምር በማዶ በኩል ወጥቷል ማለት ነው፤ ኋላው የሚቀረው የመጻፊያ እርሳስ ውፍረት ያህል ቀዳዳ ነው። የሚከፈተው የአደን አረር ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንደገባ ውፍረቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ውፍረት እጥፍ ሲሆን የሚቆርጠው ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል።

ጣና ዳር ቆማችሁ ታንኳ ስታልፍ ካያችሁ የቀረውን ለመረዳት አይከብዳችሁም። ታንኳዋ ውኃውን ወደ ሁለት ከፍላ ታልፋለች፤ ከኋላዋ ለአፍታ ሸለቆ ይከፈታል፤ ከዚያ ውኃው ይገጥማል። ፈጣን አረርም ሥጋውን ወደ ዳር ገፍቶ ለሽርፍራፊ ሰከንድ ከራሱ ብዙ እጥፍ የሚሰፋ ባዶ ቦታ ይከፍታል። ይህ ቦታ ወዲያው ይዘጋል፤ አረሩ በቀጥታ የቆረጠው ጠባቡ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። ጥያቄው ሥጋው መወጠሩን ይችላል ወይስ ይቀደዳል የሚለው ነው። አጎቴ በጣታቸው የተጫኑትን አስታውሱ። ሳንባ አየር የሞላው ስፖንጅ ነው፤ ተወጥሮ ይመለሳል። ጉበት አይችልም፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሳንባ ላይ ዋናው ሥራ የሚሠራው በቀጥታ በተቆረጠው ቀዳዳ ነው፤ አረሩ መስፋት ያለበትም ለዚህ ነው።

ከመጠን ያለፈ መክፈትም ግን ጠንቅ ነው። ጆን ኖስለር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1946 ካናዳ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘመድ ሲያድን አረሮቹ ጭቃ የደረቀበት ቆዳ ላይ ገና እንዳረፉ እየተከፈቱ ወደ ውስጥ መግባት አቃታቸው። ቤቱ ተመልሶ መሃሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ፤ የፊቱ ግማሽ ይከፈታል፣ የኋላው ግማሽ እንዳለ ሆኖ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬም ይሸጣል። ተቃራኒው ችግር ደግሞ ርቀት ነው። አረር እየተጓዘ ፍጥነቱን ያጣል፤ ብዙዎቹ የአደን አረሮች በሰከንድ ከ550 ሜትር በታች ሲሆኑ እንደሚገባ አይከፈቱም። ስለዚህ በጣም ሩቅ የተተኮሰ ውድ የአደን አረር ተመልሶ ያው ወስፌ ይሆናል።

ርቀት ሌላም መዘዝ አለው። አረር ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ እንደ ማንኛውም ዕቃ ይወድቃል። ለ100 ሜትር የተስተካከለ ጠመንጃ 200 ሜትር ላይ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር፣ 300 ሜትር ላይ ከ35 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይመታል። ስንዝር የሚያህለው ክባችን አለቀ ማለት ነው። የሳተው ደግሞ ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል። በነገራችን ላይ ሐይቅ ጥይት ይውጣል ብሎ የሚያስብ ሰው አውቃለሁ፤ በጠባብ አንግል ውኃ የነካ አረር ልጆች እንደሚወረውሩት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነጥሮ ይሄዳል።

ወደ ቪዲዮው ልመለስ። የአጎቴ ልጅ ከተኮሰ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ከዛፉ አልወረደም። በስልክ ሲነግራቸው አጎቴ ይህን ፍርሃት መሰላቸው። ሥራው ግን የዱካ ሥራ ነው። የቆሰለ እንስሳ ካልተከተሉት ብዙም ሳይርቅ ይተኛል፣ ተኝቶም ይደማል፤ ካሳደዱት ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል። ስለዚህ አዳኙ መጀመሪያ አጋዘኑ ሲመታ የቆመበት ቦታ ሄዶ ደሙን ያነባል። ደማቅ ሆኖ አረፋ ከተቀላቀለበት ሳንባ ነው፤ አጋዘኑ ሩቅ የለም። ጠቆር ካለ ጉበት ነው፤ የተወሰኑ ሰዓታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ፈርስ ከተቀላቀለበትና ከሸተተ ጨጓራ ነው፤ እዚህ ላይ ስምንት፣ አስር ሰዓት መቆየት አለ። በኅዳር ሚኒሶታ ብርድ ስለሆነ ሥጋው ይቆያል፤ በባሕር ዳር ሙቀት ቢሆን አሞራ ይቀድማል።

ሥጋውን በተመለከተ የአጎቴን ልጅ አንድ ነገር አስጠንቅቄዋለሁ። የእርሳስ አረር ሲከፈት ዓይን የማያየው ስብርባሪ ይረጫል፤ ስብርባሪው ከቀዳዳው ራቅ ብሎም ይገኛል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለአደን የእርሳስ አረር ሙሉ በሙሉ የከለከለው የተረፈውን ሥጋ የሚበሉት ኮንዶር የሚባሉት አሞራዎች ስለሞቱበት ነው። በመዳብ ብቻ የተሠራ አረር ይህ ችግር የለበትም። በእርሳስ ከሆነ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሳይሰስቱ ቆርጦ መጣል ነው። እርሱ እንደ አባቱ ቁርጥ ወዳድ ነውና የዱር ሥጋ በጥሬው እንዳይበላም ነግሬዋለሁ፤ መስማቱን ግን እጠራጠራለሁ።

እዚህ የጻፍኩት ለማወቅ እንጂ ለመሞከር አይደለም። በአገራችን የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው፤ በጣና ዙሪያ የተረፈውም እንስሳ ጥይት የሚችል ቁጥር የለውም።

የቅበላው ዕለት ማታ ልጁ ደወለ። ስልኩ እናቴ ጋ ሲደርስ ሰላምታውን አሳጠረችው። «ታዲያ በስመ አብ ሳትል ነው የተኮስከው?»

በሌላው ጫፍ ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ጠፋ። «ብያለሁ፣ እትዬ» አለ። «ግን በሹክሹክታ። ይሰማላ!»

አጎቴ ስልኩን ተቀበሉና ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ከፈቱት። ተኩሱ ሲሰማ ጣታቸውን አንስተው መቁጠር ጀመሩ።